አፈር ያጣችው ደሴት

ባናባን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልተወለደም። ይሄን የምለው ጉራ ልነዛ ብዬ አይደለም... እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። የተወለድኩት ራምቢ ነው፤ ተራራው ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ የሆነበት፣ ዝናቡም ሳይጠሩት የሚመጣበት ደሴት። የአያቶቼን አገር የባናባን መንደር ሁሉ ግን፣ የዛፍ ጥላ ሁሉ፣ የውሃ ዋሻ ሁሉ በቃሌ እወጣዋለሁ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አላሳለፍኩትም፤ ቢሆንም አስተማሪያችን ራሱ የመንደር ስም ሲጠፋበት "ሮቲያ፣ እስቲ ነይ አውጪኝ" ይለኝ ነበር። በበዓል ቀን አገራችንን በምናስታውስበት ጭፈራ ላይ ከፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ አገራቸው ትዝ ብሏቸው ሲያለቅሱ እኔ ዓይኔን እንኳ አላርገበግብም። አልቅሼ አላውቅማ! ስወለድም የጮኽኩት አዋላጇ ስለመታችኝ ነው እንጂ እንደ ሌላው ሕፃን ሆድ ብሶኝ አይደለም። ስለዚህ ይሄን ታሪክ የምታነቡ ሁሉ መሐረብ አዘጋጁ። ለእኔ አታስቡ።

ቤታችን መከራ አድራሻውን በልቡ የያዘው ቤት ነበር። አያቴ ቲሪያታ ባሏን ባሕር ወሰደባት፤ ዓሣ ሊያጠምድ በማለዳ ወጥቶ ታንኳው ብቻዋን ተመለሰች። ከልጆቿ የተረፈላት አባቴ ባኮዋ ብቻ ነው። ከዚያ አውሎ ነፋስ መጥቶ ጣሪያችንን አንስቶ የጎረቤት የአሳማ በረት ላይ አስቀመጠው። (አሳማዎቹ ደስ ብሏቸው ነበር።) ጣሪያውን መልሰን ሳንጨርስ እናቴ በሆዷ የነበረውን ወንድሜን አጣችው። እሷ ተነስታ መራመድ ስትጀምር ደግሞ አያቴ ወደቀች! እግሯ አበጠ፣ ትንፋሿ አጠረ፤ ከአልጋ ወደ በር ስትሄድ ተራራ እንደወጣች ሰው ታለከልካለች። አባቴ በጀልባ ትልቁ ከተማ ድረስ ወስዶ አስመረመራት። ሐኪሙ ልቧን አዳመጠ፣ ጫማውን አየ፣ ከዚያ አባቴን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሐኪም ትከሻ ሲመታ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ?

አያቴ አላለቀሰችም። በሰሌኑ ላይ ተጋድማ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ እየሰማች፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ባኮዋ፣ የእናቴን ውሃ አጠጣኝ።"

አባቴ ደነገጠ። የእናቷ ውሃ ያለው ባናባ ነው፤ ባናባ ደግሞ ከራምቢ ስንት ባሕር ማዶ ናት። ባናባ ላይ ወንዝ የለም፣ ምንጭም የለም። ውሃው ያለው ከመሬት በታች፣ ፀሐይ አይታው በማታውቅ ዋሻ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ዋሻ አለው፤ ወደዚያ የሚገቡት ደግሞ ሴቶች ብቻ ናቸው። ወንድ፣ ንጉሥ ቢሆን እንኳ፣ አፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ወንድ ከገባ ውሃው ይሸሻል። እንዲህ ነበር፣ እንዲህም ነው። ድርቅ ደሴቲቱን በጨረሰበት ዘመን እንኳ ወንዶቹ ዋሻው ደጃፍ ላይ በጥም ሞቱ እንጂ አልገቡም ይባላል። አባቴም ይሄን እያወቀ "እሺ እማዬ" አላት። በማግስቱ ጀልባውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ የመርከብ ቦታ ይዞ ተመለሰ። ጀልባው! ሌሊት ሲነቃ እንኳ አለች ወይ ብሎ የሚያያት ጀልባው! ልጅ ለእናቱ ከዚህ በላይ ምን ይስጥ?

እናቴ ከትንንሾቹ ጋር ቀረች፤ እኔ አያቴን ላጥብ፣ ላበላ፣ ልደግፍ ተብዬ ተላክሁ። እኔ ግን ደስታዬ ሌላ ነበር፤ በቃሌ የያዝኩትን አገር በዓይኔ ላየው ነው! አንድ የማላውቀው ነገር ብቻ ነበር። አያቴ ባናባ ላይ ኮምዌንጋ የምትባል ታላቅ እህት አለቻት። የዚያች ሴት ስም እኛ ቤት ሲነሳ መጥበሻ ላይ ያለ ዓሣ እንኳ ዝም ይላል። ለምን? ብዬ ስጠይቅ አያቴ ሳል ይይዛታል። እውነተኛ ሳል አይደለም።

የመርከቡን ነገር ተዉት። ከአሳማ፣ ከናፍጣ በርሜልና ከሚያስመልሰው ሕዝብ ጋር ተኝተን ተነሳን። አያቴ ከቀን ወደ ቀን እየመነመነች ሄደች። ሲነጋጋ ግን አንድ ጠዋት፣ "አንሱኝ" አለች። አባቴ እንደ ሕፃን ታቅፎ ወደ መርከቡ ጫፍ አወጣት።

ባናባ ነበረች!

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ዙሪያው ሁሉ ባሕር፣ ባሕሩም ከሰማያዊነት አልፎ ጥቁር ሊሆን የደረሰ፣ ከመሃሉ ብቻዋን፣ እንደ ግዙፍ ኤሊ ጀርባ ብቅ ብላ። ጎረቤት የላት፣ እህት ደሴት የላት፤ እዚያ ማን እንዳስቀመጣት እንጃ። ክንፋቸው ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ጭራቸው እንደ መቀስ የተከፈለ ጥቁር ወፎች ከላይዋ ሳይንቀሳቀሱ ተንሳፍፈዋል። መርከባችን መልሕቅ አልጣለም፤ ከደሴቲቱ ጠርዝ ወዲያው ጥልቁ ይጀምራልና ገመድ አይደርስም። በትንሽ ጀልባ ማዕበሉን እየዘለልን ገባን። አንድ ግዙፍ የብረት ክንድ፣ ዝገት በልቶት፣ ባሕሩ ላይ እንደተዘረጋ ቀርቷል። ከባዕድ አገር የመጡት ቆፋሪዎች አፈራችንን ወደ መርከብ የሚያፈሱበት ክንድ ነበር። ሥራ ካቆሙ ጥቂት ዓመት ቢሆነውም እጁን አልሰበሰበም፤ እስካሁን ይለምናል።

የባሕሩን ዳር ስንረግጥ አያቴ አሸዋ አንስታ የአባቴን ጉንጭ፣ ከዚያ የእኔን፣ በመጨረሻ የራሷን ቀባች። ደሴት የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይሄንን ነው፤ መሬቷ እንድታውቀው።

"አሁን ታውቀኛለች?" አለች አያቴ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

አባቴ አዝሏት ዳገቱን ጀመርን። እኔ ከፊት ከፊት እየሄድኩ አፌን ከፈትኩት፤ "እዚህ ጋ የዳቦ ፍሬ ዛፍ አለ፣ ከሱ ቀጥሎ የእነ እንትና መንደር፣ ከዚያ ጭፈራ የሚጨፈርበት ሜዳ..." እያልኩ። ጫፍ ላይ ስንደርስ ግን ምላሴ ቆመ። የምን መንደር? የምን ሜዳ? ዓይኔ እስከሚደርስበት ድረስ ነጫጭ ቋጥኝ ብቻ! አንዱ ካንዱ የሚበልጥ፣ የሾለ፣ የቆመ፣ የድንጋይ ጫካ! ከመካከላቸው የነበረውን አፈር አንድ እፍኝ ሳያስቀሩ ጠርገውታል። አፈራችን ተፈጭቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ማዳበሪያ ሆኖ የሰው አገር እርሻ ላይ ተበትኗል። በጎቻቸው የሚግጡት ሣር የኔ መንደር ነው! የቀረልን አጥንቷ ነው። ግን ፀሐይዋ ከባሕር ስትወጣ ያ ሁሉ አጥንት በአንድ ጊዜ ሮዝ ሆነ፣ ከዚያ ወርቅ ሆነ፣ ከቋጥኞቹ መካከል የበቀሉ ትንንሽ ቅጠሎች በጤዛቸው አብረቀረቁ፣ ጥቁሮቹ ወፎች ከላይ ጥላቸውን እየጣሉ አለፉ፤ እኔም፣ አፌ የማያርፈው ሮቲያ፣ ትንፋሼ ጠፋ። አጥንት እንዲህ ያምራል ብሎ የነገረኝ ማን ነበር? በየትኛው ጭፈራ ውስጥ ነበር ይሄ?

"ሜዳው እዚህ ጋ... መሆን ነበረበት..." አልኩ።

"ሮቲያ፣ ልጄ" አለች አያቴ ከአባቴ ጀርባ ላይ ሆና፣ "ዝም በይና እይ።"

ኮምዌንጋ የምትኖረው ከቋጥኞቹ ጠርዝ፣ ከዋሻው አፍ አጠገብ፣ በቆርቆሮና በኮኮናት ዝንጣፊ በተሠራች ጎጆ ነው። ረጅም፣ ደረቅ፣ እንደ ተገመደ ገመድ የሆነች አሮጊት ናት። ስንደርስ ኮኮናት እየፈለጠች ነበር። አልተነሳችም። ቢላዋንም አላስቀመጠችም።

"እትዬ ኮምዌንጋ" አለ አባቴ፣ ትልቁ ሰውዬ አጎንብሶ፣ "እህትዎን ይዤልዎት መጣሁ።"

"እህት የለኝም።"

"እናቴ ታማለች፣ እትዬ። ከእናታችሁ ውሃ አንድ ጉንጭ ብቻ ነው የምትፈልገው።"

"የውሃውን ጣሪያ ሸጣው የለ እንዴ? ከሸጠችላቸው ሄዳ ትጠጣ።" ከዚያ ቀና ብላ አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። "ያኔ ሳል የያዘው ልጅ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ደህና ወፍረሃል።"

አባቴ እንደዚያ ቀን አንገቱን ሲደፋ አይቼው አላውቅም። እኔ አልቻልኩም፤ "እርስዎም ትንሽ ቢወፍሩ አይጎዳዎትም ነበር!" አልኳት። አባቴ ክንዴን ቆነጠጠኝ።

"ይቺ ደግሞ የማን ምላስ ናት?" አለች አሮጊቷ።

"የራሴ!"

"ውሰዷት። እሷንም ያቺንም።"

አያቴ በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ቃል አልወጣትም። ዓይኗን እህቷ ፊት ላይ ተክላ፣ አባቴ ጀርባ ላይ እንደተሸከሙት ጓዝ ተንጠልጥላ ቀረች። እህት እህቷን ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ አይታ "እንደምን ነሽ" ካላለች፣ በመካከላቸው ምን ያህል በደል ቢኖር ነው? የጠቡን ምክንያት የዚያን ዕለት አባቴ ነገረኝ፤ የማያውቀውን እኔ ራሴ ሞላሁት። ከትልቁ የዓለም ጦርነት በኋላ ቅኝ ገዢዎቹ ሕዝባችንን ከተበተነበት ሰብስበው ወደ ራምቢ ሲያመጡት በድንኳን ውስጥ አሰፈሩት፤ የዝናብና የብርድ ወቅት ነበር። ብርድ የማያውቅ ሕዝብ! ሕፃናቱ ማሳል ጀመሩ። የኮምዌንጋ አንዲት ልጇ እዚያ ድንኳን ውስጥ፣ እርጥብ ሰሌን ላይ፣ በእናቷ ጭን ላይ አረፈች። ቆፋሪዎቹ ሁለቱ እህቶች ከእናታቸው የወረሱትን ባናባ ያለውን የጋራ መሬት እንድንቆፍረው ፍቀዱልን ብለው ሲመጡ ኮምዌንጋ "ልጄን ወሰዳችሁ፣ እናቴን አትወስዱም" አለች። የአያቴ ልጅ፣ ማለት አባቴ፣ በዚያው ሳምንት ማሳል ጀምሮ ነበር። የሚፈቅድ ሰው መድኃኒትና የእንጨት ቤት ቶሎ ያገኛል ተባለ። አያቴ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ተጫነች። የታናሺቱ ጣት በቃቸው። ኮምዌንጋ በመጣው መርከብ ታራዋ ወደሚባል ሌላ ደሴት ሄደች፤ ዞራ አላየችም። ባናባ ሰው ይመለስባት ሲባል ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተመልሳ ከድንጋዩ መሃል ተቀመጠች። ወይ ነዶ! እንግዲህ ከሁለቱ ማን ነው ጥፋተኛ? እናንተ ፍረዱ፤ እኔ አልቻልኩም።

ቆፋሪዎቹ ትተውት በሄዱት ባዶ ቤት ውስጥ አረፍን። በማግስቱ አያቴ ከንፈሯ ደረቀ፤ ጎረቤቶች ከበርሜላቸው የቀረቻቸውን የዝናብ ውሃ ሳይሰስቱ አመጡላት። ፊቷን አዞረች።

"ይሄ የሰማይ ነው። የእናቴን ነው ያልኩት።"

"እኔ እገባለሁ!" ብሎ አባቴ ተነሳ። "የፈለገው ይሁን! ውሃው ይሽሽ፣ ደሴቱ ይስመጥ!"

"ባኮዋ!" አያቴ ያንን ድምፅ ከየት እንዳወጣችው አላውቅም። "በቁሜ እያለሁ እንዲህ ካልክ፣ ስሞት ምን ልትሆን ነው? ተቀመጥ!"

ተቀመጠ። ያ ትልቅ ሰው ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። የእናቱ ውሃ ከእግሩ ሥር ነው፤ ጉልበት አለው፣ ጀልባውን ሰጥቷል፣ ባሕር አቋርጧል፤ አንዲት ቅል ግን ሊሞላ አይችልም። ከዚህ የባሰ ጥም አለ?

እኔ ብድግ አልኩ። "እኔስ ወንድ ነኝ?"

ማንም "ሂጂ" አላለኝም። ማንም "አትሂጂ" ለማለትም አልደረሰም። ኮምዌንጋ ኮኮናት ልትለቅም በወረደችበት ሰዓት ፋኖስና የኮኮናት ቅል ይዤ ዋሻው አፍ ላይ ተገኘሁ። አባቴ እስከዚያ ተከትሎኝ ቆመ። ታላቂቱን ሳያስፈቅዱ መግባት ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ግን ባናባን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለማ!

ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ በሆድ ነው የሚገባው። መጀመሪያ አቧራ፣ ቀጥሎ ቅዝቃዜ፣ ቀጥሎ ሌላ ዓለም። መሬቱን በእጄ ስዳስሰው እንደ ተወለወለ ሳህን ለሰለሰኝ። ድንጋይ እንዴት እንዲህ ይለሰልሳል? ብዬ ፋኖሱን ሳስጠጋ ገባኝ። ጉልበት ነው! የእናቶቼ ጉልበት! ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ፣ በጉልበታቸው እየዳኹ፣ ድንጋዩን እንደ ገላ አለስልሰውታል። የራሴን ጉልበት የእነሱ ጉልበት በሠራው ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ልክክ አለ። ያኔ ዓይኔን በክንዴ ጠረግኩ። አቧራ ነው አልኩ።

ከዚያ ጣሪያው ከፍ አለና ውሃው ታየኝ። ጌታዬ! ከላይ ያ ሁሉ ተቆፍሮ፣ ተዘርፎ፣ አጥንት ቀርቶ ሳለ፣ ከሥር ማንም ያልነካው፣ ጥርት ያለ፣ አንዲት መጨማደድ የሌለው ውሃ ተኝቷል። ከጣሪያው የተንጠለጠሉት ድንጋዮች እንደ ነጭ ጣቶች ወደታች፣ ውሃው ውስጥ ያሉት ጥላዎቻቸው ወደላይ፤ ሊነካኩ ትንሽ ቀርቷቸው። ጠብ... ጠብ... ይላል አንድ ቦታ። አገሬ እዚህ ነበረች! አልሄደችም፤ ተደብቃ ነው! ተንበርክኬ ቅሉን ሞላሁ። ተነስቼ ስዞር ክርኔ ፋኖሱን ገፋው። ድርግም።

ጨለማ።

እንዲህ ያለ ጨለማ አይታችሁ አታውቁም። ዓይን መክፈትና መጨፈን ልዩነት የለውም። በመጣሁበት ልመለስ ብዬ ዳስሼ ሄድኩ፤ ግድግዳ። በሌላ በኩል፤ ቀዳዳ፣ ግን እየጠበበ የሚሄድ። ቅሉ ከእጄ አምልጦ ውሃው ልብሴ ላይ ፈሰሰ። ጮኽኩ። ድምፄ ዞሮ ዞሮ ወደ እኔው መጣ። ያንን በቃሌ የያዝኩትን የመንደር ስም ሁሉ ረሳሁት! አንዱ እንኳ መንገድ አላሳየኝም። እና... አዎ፣ አለቀስኩ። እንደ ጥጃ ነው ያለቀስኩት፤ አፍንጫዬ፣ ዓይኔ፣ ሁሉም በአንድ ላይ።

ውጭ የሆነውን በዓይኔ ባላይም አውቀዋለሁ፤ አባቴ አንድ ዓይነት ያወራዋል፣ ኮምዌንጋ ሌላ ዓይነት፣ እውነቱ ከመሃል ነው። አባቴ ጩኸቴን ሲሰማ ራሱን ቀዳዳው ውስጥ አስገባ፤ ትከሻው አላልፍ አለ። ደም እየፈሰሰው ወጥቶ ወደ ባሕሩ ሮጠ፣ ኮምዌንጋን አገኛት፣ እግሯ ላይ ወደቀ።

"እትዬ፣ ለእናቴ ይቅርታ አያድርጉላት። እኔን ይርገሙኝ። ልጄን ግን... ልጄን ያውጡልኝ!"

ኮምዌንጋ ኮኮናቷን ጣለች። ፋኖስ አልያዘችም፤ አያስፈልጋትም። ዋሻው አፍ ላይ ግን ቆም አለች ይላል አባቴ፣ ልጇን የቀበረች ሴት የሰው ልጅ ልታወጣ ስትገባ እንዴት አትቆም?

እኔ የሰማሁት ድምፅ ነው። ከጨለማው ውስጥ፣ ደረቅ።

"ውሃው ላይ ያለሽው ማነሽ? ስምሽን ተናገሪ! ሲገቡ ስም ይጠራል፣ ይሄ እንኳ አልተነገረሽም?"

"ሮቲያ!" አልኩ እየተንሰቀሰቅሁ። "ሮቲያ ነኝ! የቲሪያታ የልጅ ልጅ!"

ያቺ ጠብታ ብቻ፣ ጠብ... ጠብ...

"ማን አልሽ?"

"ሮቲያ።"

"ይሄን ስም ማን አወጣልሽ?"

"አያቴ።"

"ለምን?"

"እንጃ። አልነገረችኝም። ብቻ አንድ ቀን ልትቆጣኝ ጀምራ ስሜን ጠርታ ማልቀስ ጀመረች።"

ከጨለማው ውስጥ የመጣውን ድምፅ እንዴት ልግለጸው? ሳቅም አይደለም፣ ለቅሶም አይደለም። ተዘግቶ የቆየ በር ሲከፈት የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ። ከዚያ አንድ ሻካራ እጅ ፊቴን አገኘው፤ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን ቀስ እያለ ዳሰሰ። ድንኳን ውስጥ፣ እርጥብ ሰሌን ላይ የሞተችው ልጅ ሮቲያ ነበር ስሟ። አያቴ የእህቷን ልጅ ስም ለእኔ ሰጥታ፣ በየቀኑ እየጠራችኝ፣ ለማንም ሳትናገር ኖራለች! እኔ ያሳደገችኝ ለራሷ ብቻ መስሎኝ ነበር።

"ቅሉ የታለ?" አለች ኮምዌንጋ በመጨረሻ።

"ፈሰሰብኝ።"

"ቅጂ። እስከ አፉ ሙይው።"

ስንወጣ ፀሐይዋ ቋጥኞቹ ላይ ቆማ ነበር። አባቴ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ እያለቀሰ አቀፈኝ፤ ኮምዌንጋ "ውሃውን ታፈሳለህ፣ ልቀቃት!" አለችው። ረጅም እግሯን እያነሳች ወደ አረፍንበት ቤት ገሰገሰች፤ እኔ ቅሉን በሁለት እጄ ይዤ ከኋላ። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። አያቴ ከሰሌኑ ላይ ዓይኗን ገለጠች።

"ልጄን ቀብሬ አልፈረምኩም" አለች ኮምዌንጋ። ድምፅዋ ተሰበረ። "ልጄን ቀብሬ! አንቺ ለአንድ ሳል ፈረምሽ።"

አያቴ ትንፋሿን ለመሰብሰብ ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

"ያንቺን... ስትሞት አይቼ ነው... እህቴ።"

ኮምዌንጋ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ እንደ ደረቅ እንጨት ጉልበቷ ቋ አለ። የእህቷን ራስ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው፤ ልጇን አስተኝታበት በነበረው ጭን ላይ።

"ጥርስሽ የት ሄደ?" አለቻት።

"ያንቺስ?"

"እኔ ሁለት አሉኝ።"

"ሁሌም... ትበልጪኛለሽ።"

ሳቁ! እያለቀሱ ሳቁ! ኮምዌንጋ ቅሉን ከእጄ ወስዳ ከንፈሯ ላይ አስጠጋችላት። አያቴ ጠጣች። አንድ ጉንጭ፣ ደግማ አንድ ጉንጭ። ከዚያ ፊቷን ጨፍገግ አደረገች።

"ጨው ጨው ይላል።"

"ያኔም ጨው ጨው ይል ነበር። አንቺ ነሽ በምኞት ስኳር የጨመርሽበት።"

"እውነትሽን ነው" አለች አያቴ። "ልክ እንዲህ ነበር..." ዓይኗ በመስኮቱ አልፎ ቋጥኞቹን፣ ከነሱ ወዲያ ባሕሩን፣ ከባሕሩ በላይ ሳይንቀሳቀሱ የተንሳፈፉትን ጥቁር ወፎች አየ። እንደ ሕፃን ተገርማ ታይ ነበር። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ስታይ ዋለች። ወፎቹ ወደ ማደሪያቸው ሲገቡ ዓይኗ አልተከተላቸውም። እህቷ ጭን ላይ፣ ከንፈሯ ረጥቦ፣ አያቴ ቲሪያታ አረፈች።

መከራው እዚህ ላይ ያበቃ መስሏችኋል? መቅበሪያ አጣን! አባቴና የደሴቲቱ ወንዶች ዶማ ይዘው ወጡ፤ የትም ቢመቱ ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ ድንጋይ! ያ በአውራ ጣቷ አሳልፋ የሰጠችው አፈር አንድ እፍኝ እንኳ አልጠበቃትም። የሰው አገር ሣር ሆኗል! አባቴ ዶማውን ጥሎ ድንጋዩን በቡጢ መታ። ያኔ ኮምዌንጋ ዘንቢል አንስታ ወደ ባሕሩ ወረደች። ማንንም አልጠራችም። ሴቶቹ ግን ተከተሏት። አሸዋ እየዛቅን፣ ዳገቱን በጭንቅላታችን ተሸክመን እየወጣን፣ በሁለት ረጃጅም ቋጥኞች መካከል፣ ከዋሻው አፍ አጠገብ፣ ለአያቴ አፈር ሠራንላት። እኔ አንገቴ እስኪቃጠል ተሸከምኩ። ነጭ አሸዋው ከፍ ከፍ ሲል፣ ፀሐይ ስትወርድበት፣ እነዚያ ግዙፍ ቋጥኞች ጥላቸውን እንደ ነጠላ አለበሷት። ከዚያ የበለጠ ያማረ መቃብር ነገሥታት አላገኙም።

አባቴ በሚቀጥለው መርከብ ተመለሰ። እኔ ቀረሁ። ኮምዌንጋ "ቅሪ" አላለችኝም፤ ብቻ አንድ ቀን ሁለተኛ ሰሌን ዘርግታ አገኘሁት። አሁን "አንቺ" ነው የምላት።

ይሄንን ሁሉ ጽፌ ስጨርስ መቃብሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ እሷ መረብ ስትጠግን፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። በመጨረሻም ቆሜ፣ እጄን ወደ ባሕሩ ዘርግቼ፣ እንባዬ እየወረደ እንዲህ አልኩ፦

"ኦ ዕድል! አንተ ጨካኝ! ሁለት እህቶችን በባሕር ለያይተህ፣ በሞት ደጃፍ ላይ ታገናኛለህን? አፈሩን ወስደህ አጥንቱን ትተዋለህን? የሰው ልጅ በእጅህ ላይ ምንድን ነው? እንደ ማዕበል ላይ ኮኮናት አይደለምን? ኦ ዕድል...!"

ኮምዌንጋ ከመረቡ ቀና ሳትል፣

"የምን ዕድል?" አለችኝ። "ሁለት ግትር አሮጊቶች ነን ያደረግነው። ይልቅ ንፍጥሽን ጥረጊ።"